አብራሪ ላልነበረው ባለቤቴ

ግርማዬ፣ የኔ ሃምሳ አለቃ፤

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴ ብቻ ነው እንደ ድሮው የሚያስቸግረኝ። ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አወጣን፤ የዚያን ቀን የሆነውን ለአንተ ሳልነግር መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሳምሪ ሥራዋ ቋሚ ሆነላት፣ ኮንትራቱን ስትፈርም ፎቶህን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የሄደችው። አንተ እዚህ ሮም ፖርቲዬሬ ሆነህ በሩን ስትጠብቅ የኖርክበት ፓላትሶ ግን በቦታህ ሌላ ሰው አልቀጠረም፤ ሕንፃው በር ላይ ካሜራ ሰቀሉበት። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሲኞራ ባገኘችኝ ቁጥር ግቢው ቆሸሸ እያለች ታማርራለች። ታዲያ ካሜራ ጎንበስ ብሎ ጠጠር ይለቅማል እንዴ!

ያ ጠጠርህ! ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅንበት? ሱሪህን ላጥብ ስል ከኪስህ ጠጠር፣ ብሎን፣ ሽቦ፣ ምስማር ይወጣል። ላቫትሪቼዬን፣ ማጠቢያ ማሽኔን፣ ልትሰብራት ነው ብዬ እጮህብሃለሁ፣ አንተ ትስቃለህ። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስንሄድ እንኳ አስፋልት ላይ ብረት ካየህ ሳታነሳ አታልፍም፤ እኔ በሃፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አንዲት ጠጠር ሞተር ውስጥ ከገባች አውሮፕላኑም ሰውየውም የሉም ትለኝ ነበር። እዚህ የምን አውሮፕላን አለ ብልህም አትሰማኝም።

አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። የቀብርህ ቀን የማኅበራችን ሊቀ መንበር የሕይወት ታሪክህን ሲያነቡ ጀግናው አብራሪ አሉህ። ሰውየው ክፋት የለባቸውም። አየር ኃይል ነበረ ተብለዋል፤ ሳጥንህ አጠገብ ያቆምነው ፎቶ ላይ ደግሞ ከተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆመህ ጥርስህን ትገልጣለህ፤ ሌላ ምን ይበሉ? የኛ ሰው አየር ኃይል ሲባል ያለው ሁሉ የሚበር ይመስለዋል። እኔ ያን ቀን ሰው ደግፎኝ ነው የቆምኩት፣ የተነበበውን የሰማሁት በማግስቱ ሲያወሩት ነው። ከዚያ ወዲያ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካፌ ቡና ልጠጣ ስገባ እንኳ የአብራሪው ሚስት መጣች ይሉኛል።

በሰማሁት ቁጥር አንጀቴ ያርራል። አብራሪ መሆን ነውር ሆኖ አይደለም። የእናንተ የአየር ማረፊያ ጠባቂዎቹ ታሪክ በሰው ፊት የሚነሳበት አንድ ቀን ቢገኝ እሱም ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው ያናደደኝ። ከአየር ማረፊያ ጥበቃ ክፍል ጓዶችህ መካከል እዚህ ሮም የቀሩት ደግሞ ጋሽ ወልዴ ብቻ ናቸው። እሳቸውም አእምሯቸው እየከዳቸው ነው፤ ሚስታቸውን ሳይቀር አንቺ ማነሽ ይላሉ። እሳቸው በሕይወት እያሉ እውነቱ ካልተነገረ መቼ ሊነገር ነው? ስለዚህ በሙት ዓመቱ እኔው ልናገር ብዬ ሊቀ መንበሩን ለመንኳቸው።

ሳምሪ ፈራችልኝ። እማዬ ተይው፣ አብራሪ መባሉ ምን ይጎዳል፣ ያምራል እኮ አለችኝ። አባትሽ ያለ ክንፍም ያምራል ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ከፍትሐቱ በኋላ ሰው አዳራሹን ሞላው። ማይክራፎኑን ሲሰጡኝ በሁለት እጄ ያዝኩት። ታውቀኝ የለ፣ እኔ እንግዳ ተቀብዬ ብሉልኝ ለማለት እንኳ የማፍር ሰው ነኝ! ባሌ በሕይወቱ አንድም ቀን አውሮፕላን አላበረረም ብዬ ጀመርኩ።

ከዚያ እሑድ እሑድ ከጋሽ ወልዴ ጋር ስትተርኩት የሰለቸኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ክፍላችሁ ሲጀመር አሮጌ ጠመንጃ አንግተው ከመንደርደሪያው ላይ ከብት የሚያባርሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ፤ በኋላ ውሾቹ፣ ከዚያም ፀረ አውሮፕላን መድፎቹ እንደመጡ። በምሥራቁ ጦርነት የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ ሌላው ሁሉ ምሽግ ሲገባ እናንተ ከመድፋችሁ ጋር ገላጣው ላይ እንደቀራችሁ። አብራሪው ከግዳጅ ሲመለስ የሚያርፍበት ሜዳ ያገኘው እናንተ ስላላችሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። መንግሥት ሲለወጥ አለቆቻችሁ ሲበተኑ አንተና ጋሽ ወልዴ ባዶውን ሜዳ ከዘራፊ ስትጠብቁ ሰንብታችሁ፣ ቁልፉን ለመጡት አስረክባችሁ በእግራችሁ ወደየቤታችሁ መግባታችሁንም ጨመርኩ። ሜዳው የሀገር ነው፣ ለማን ጥዬው ልሂድ እንዳልክ። ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ኮርቼብህ ነበራ!

መጨረሻ ላይ የጠዋቱን ሥራ ተረክሁ። በረራ ከመጀመሩ በፊት ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ፣ መንደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎንበስ ብላችሁ ጠጠር ስትለቅሙ። ሲያልቅ አለቃው ጮክ ብሎ የሚያሰማት ቃል አለች፤ እሷ ሳትሰማ አንድም አውሮፕላን አይነሳም። እዚህ ላይ ስደርስ ቃሏ ጠፋችብኝ! የፓላትሶውን ግቢ ጠርገህ ስትጨርስ ለራስህ የምትላት፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማኋት። ሰው ይጠብቀኛል፣ ሳምሪ መሬት መሬት ታያለች።

ያኔ ጋሽ ወልዴ፣ የቀረበላቸውን ሳይነኩ ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት፣ ብድግ አሉ። ወገባቸው ቀጥ አለ። “ሜዳው ንጹሕ ነው! መነሳት ይችላል!” ብለው አዳራሹን አናወጡት። ከዚያ ወደ ጎናቸው ዞር ብለው ፈለጉና “ግርማ የታለ? በግራዬ በኩል ነበረ እኮ” አሉ።

ግርማዬ፣ እኔ እዚህች ላይ ነው የተሸነፍኩት። ሊቀ መንበሩም መነጽራቸውን አውልቀው ሲያለቅሱ አየሁ። ሳምሪ ግን፣ ያቺ ተይው ያለችኝ ልጅህ፣ ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና ሄዳ በጋሽ ወልዴ ግራ በኩል ትከሻዋን ከትከሻቸው ገጥማ ቆመች። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። እስኪቀመጡ ድረስ ከጎናቸው አልተነቃነቀችም።

አሁን ካፌው ስገባ የሃምሳ አለቃው ሚስት ይሉኛል። እንዲያውም አንዱ ያን የጠጠሩን ነገር እንደገና ንገሪን አለኝ፤ ነገርኩት፣ ማን ይከለክለኛል!

ትላንት ከሥራ ስመለስ አናኚና የሜትሮ ጣቢያው በር ላይ ትንሽ ብሎን ወድቃ አየሁ። አልፌያት ሄድኩ፣ ደግሞ ተመለስኩ። በዚህ ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ አነሳኋትና ኪሴ ከተትኳት። ላቫትሪቼዬንም ብትሰብር ትስበር። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ከኔም በኋላ ሳምሪ እስካለች፣ በመስመሩ ላይ ያንተ ቦታ ባዶ አይሆንም።

አንተ እረፍ፣ የኔ ጌታ። ሜዳው ንጹሕ ነው።

ያንተው ጥሩነሽ