ያልፈረምክበት መስመር

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድምዓለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ለቀቀህ? ብርድ ላይ ቆመህ እንደምትሠራ ከጻፍክልኝ ወዲህ አየሩ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር ትዝ ትለኛለህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማ ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ አንተ ከምታውቀው ይልቅ ስሏል። እኔም ዓይኔ ክር ለመሰካት እየሰነፈ ቢመጣም እጄ ገና አልከዳኝም። ናፍቆትህ ብቻ ነው ደህና ያልሆነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለብቻሽ አንብቢው ያልከኝን ገጽ የስፌት ቤቱን በር ዘግቼ ለብቻዬ አነበብኩት። የዚያ አገር ዜግነት እንደተሰጠህ፣ ከእንግዲህ ተመልሰህ እዚህ የምትኖር እንደማይመስልህ፣ ይህንንም ለእማ ቀስ ብዬ እንድነግራት። አልተቆጣሁህም። ሥራህ እዚያ ነው፣ ልጅህም እዚያ ተወልዳለች። ግን ወንድሜ፣ «ቀስ ብለሽ ንገሪያት» ማለት ለጻፈው ሰው ይቀላል። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት እንዲገባህ ስለ ምርጫችን ልጽፍልህ ነውና ታገሰኝ።

ሰፈራችን ወረዳ ሆኗል። አትሳቅ! ለአንዲት ማህተም ሁለት አውቶቡስ እየቀየርን ስንመላለስ የኖርን ሰዎች የራሳችን ወረዳ ተፈቅዶልን፣ ቢሮው በቀድሞው የእህል መጋዘን ተከፈተ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል፣ ሽታው ግን አሁንም የእህል ነው። ጸሐፊዋ አይጥ ፋይሉን እንዳይበላባት ብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። ወረዳ ያለ ምክር ቤት አይሆንም ተብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንመርጥ ሆነ። ለእኛ ሰፈር ወንበር ጡረታ የወጣው ፖስተኛና ባለወፍጮው ተወዳደሩ። ፖስተኛው «የማላውቀው በር የለም» እያለ ቀሰቀሰ፤ ባለወፍጮው ደግሞ «እኔ ዘንድ ያልመጣ ማን አለ?» እያለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ እኛ ተቸገርን።

ከምርጫው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መዝጋቢዎች በየቤቱ ዞሩ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ያስተናገደቻቸው እማ ናት። እዚህ ቤት ለመምረጥ የደረሰ ስንት ሰው አለ ቢሏት «ሦስት» አለች። የራሷን ስም፣ የእኔን፣ ከዚያ የአንተን ከነአባትህ አስጻፈች። መታወቂያ ሲጠይቋትም ከመሄድህ በፊት ያወጣኸውን፣ ጥጋጥጉ የተላጠውን አውጥታ አሳየች። ዋሸች እንዳትላት። የት አለ ሲሏት «ሥራ ላይ ነው» ነው ያለቻቸው፤ እሱም እውነት ነው። ስመለስ ሦስት የመራጭ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ አገኘሁ። «እማ፣ ይሄ እኮ እዚህ ለሚኖር ሰው ነው» ስላት፣ «ታዲያ የት ነው የሚኖረው? እዚያ ይሠራል እንጂ!» ብላ ያንተን ካርድ አነሳች።

የመራጮች ዝርዝር በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አሥር ቀን ተለጠፈ፤ የማይገባ ስም ያየ ሰው እንዲያመለክት። እነዚያን አሥር ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቅ። የአንዱን ደንበኛ ሱሪ ግራ እግሩን ከቀኙ ጋር ሰፍቼ ስፈታ ዋልኩ። ሄጄ ራሴ ላሰርዝህ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደሌለህ የማያውቅ በሰፈሩ ማን አለ? ጓደኛህ ፀጉር አስተካካዩ ስምህ ላይ ጣቱን አድርጎ ቆሞ ሲያነብ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለወፍጮው ደግሞ መነጽሩን አድርጎ መስመር በመስመር ፈትሾ፣ ሰፈር የለቀቁ አራት ሰዎች አሰርዟል። አንተን ግን ዘለለህ። ለምን እንደተወህ ብጠይቀው፣ «እናትሽ እህል ይዘው ሲመጡ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው?» አለኝ። በዚያ ላይ እኮ ብትኖር ድምፅህን ለፖስተኛው እንደምትሰጥ አሳምሮ ያውቃል።

በዚህ መሀል የድምፅ መስጫውን መጋረጃ እንድሰፋ ታዘዝኩ። ልኬቱን በደንብ ወስጄ ነበር፤ ልቤ አንተ ጋ ስለሆነ ግን ለእጥፋቱ የሚተወውን ረስቼ ቆረጥኩት። ተሰቅሎ ሲታይ ከሰው ጉልበት በታች አልወርድም አለ። ሌላ ጨርቅ ለማምጣት ጊዜ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ፣ ቀሚስ የምትሰፊ መስሎሽ ነው እንዴ?» ብሎ ሲስቅብኝ ዋለ። ድምፁ ሚስጥር ሆኖ ጫማው የአደባባይ ሆነ እየተባለ እስካሁን መሳቂያ ነኝ።

የምርጫው ዕለት እማ የክት ልብሷን ለብሳ፣ የራሷንና የአንተን ካርድ በመሀረብ ጠቅልላ ወጣች። መረጠች፣ ጣቷን ቀለም ተቀባች። ከዚያ ግን ወደ ቤት አልሄድም አለች። መጋረጃው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷን የምታሳርፍ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስተውላት የምታየው የሰው ጫማ ነው። ወንድ በገባ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። አንድ ጊዜ ከመጋረጃው በታች አንተ የምታደርገውን የመሰለ ትልቅ የሥራ ጫማ ቆመ። እማ ወንበሩን ተደግፋ ብድግ ልትል ከጀለች። ሰውዬው ሲወጣ የሰፈራችን ብረት በያጅ ነው። ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ሰው ከሌለበት ክፍል ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ሰዓቱ አልቆ በሩ ሲዘጋ መዝገቡ ተገለጠ። የመጣ ሰው ሁሉ በስሙ ትይዩ ፈርሟል፤ ያልመጣ ሰው ደግሞ ለምን እንዳልመጣ ይጻፍለታል። የምርጫ ጣቢያው ጸሐፊ ከሌላ ቦታ ተመድባ የመጣች ልጅ ስለሆነች ማንንም አታውቅም። የአንዱን «ታሟል» አሏት ጻፈች፤ የሌላዋን «ወልዳለች» አሏት ጻፈች። ያንተ መስመር ላይ ስትደርስ ስምህን ጮክ ብላ ጠራችና «እሱስ?» አለች። ፖስተኛው ኮፍያውን ያሻሻል፣ ባለወፍጮው መሬት መሬት ያያል። ሰዓቱ ይኸው ደረሰ ብዬ አሰብኩ። «ለቋል» ብላት አንተ የላክኸኝም ይፈጸማል፣ እማም በሰው ፊት ስለሆነች እንባዋን ትይዛለች። አፌን ከፈትኩ። እማ ቀደመችኝ። «ዘግይቷል ብለሽ ጻፊው፣ ልጄ። እሱ ድሮም ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም» አለቻት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ አቀረቀርኩ። «ዘግይቷል» ብላ ጻፈች። እማ በዚህ አላበቃችም። የሚቀጥለው ምርጫ መቼ ነው ብላ ጠየቀች። «ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፣ እማማ።» ስሙ እስከዚያ ይቆያል ወይ አለች። «ካላሰረዙት ይቆያል።» እማ በጣቷ ቆጠረችና፣ «ያን ጊዜ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ደግ፣ እጠብቃለሁ» ብላ ተነሳች። ቤት እስክንደርስ ስለ ምርጫው እንጂ ስለ አንተ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የምታውቀው ነገር ይኑር አይኑር ልጠይቃት ፈርቻለሁ።

ለካ ማን እንዳሸነፈ አልነገርኩህም። ፖስተኛው በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ በለጠ። ባለወፍጮውም ሳያኮርፍ ጨበጠው። ምክር ቤቱ የመጀመሪያ ስብሰባውን በመስኮቱ አጠገብ ማን ይቀመጥ በሚል ክርክር ፈጀው አሉ፤ የሰፈሩ የቧንቧ ውሃ ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። አልነግራትም። መቀስ ከያዝኩ ሃያ ዓመቴ ነው፣ አንተን ግን ከእማ ቆርጬ ማውጣት አይሆንልኝም። የሚነገር ከሆነ አንተው ንገራት፤ በስልክ ሳይሆን አጠገቧ ቁጭ ብለህ፣ ፊትህን እያየች። እዚህ ኑር አላልኩህም። አንድ ጊዜ ና። ልጅቷንም ይዘሃት ና። በእማ ሰበብ የምጽፍ እንዳይመስልህ፤ እኔም በጣም ናፍቀኸኛል። አንዳንዴ ሥራ ስጨርስ የምጠራው ስም ይጠፋኝና ዝም ብዬ በሩን እዘጋለሁ።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ልጅህን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛህ በጣም ሰላም ብሎሃል፤ ፀጉርህ ሳስቶ ከሆነ ሳይፈራ ይንገረኝ ብሏል። ፖስተኛውም ሰላም ይልሃል፤ አሁን የተከበሩ ነው የሚባለው። ባለወፍጮውና ሚስቱም እንዲሁ። እማ አጠገቤ ተቀምጣለች። ፊደል ባትለይም መልእክቷን አለመዝለሌን ለማየት እጄን እየተከታተለች ነው። ጻፊለት ያለችኝን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦ «ካርድህን እኔ ጋ አስቀምጬልሃለሁ። ትምህርት ቤቱ ሁለት በር አለው፤ የእኛ ሰልፍ በጓሮ በኩል ያለው ነው። እኔ ሳላውቅ በፊተኛው ገብቼ ብዙ ቆምኩ። አንተ ስትመጣ እንዳትደክምብኝ፣ በጓሮው ግባ።»

የምትወድህ እህትህ

ከዚያው ከምታውቀው ቤት
ሰኔ 19 ቀን