በስንት ዓይን

ወንድሜ ግዛቸው፣ ይህን ካርድ ነጋዴው ፈድሉ በእጁ ያደርስልሃል፤ እንዳነበብከው አቃጥለው።

እዚህ ደቡብ፣ ኮንጋ መንደር ከገባሁ ዓመት ሞላኝ። ቆጮ እየበላሁ፣ ክረምቱን ከጎጆዬ ደጅ ተቀምጬ ጉሬዛ ስስል ከረምኩ። አዲስ አበባ ቅዱሳኑን ከአሮጌ ሥዕል እንገለብጥ ነበር፤ እዚህ ጉሬዛዎቹ ነጭ ካባቸውን ደርበው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው ይሳሉልኛል።

ትናንት አንድ የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ «ሳለኝ» አለ። እጄ ለምዶበት፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከሃዲን እንደምንስለው፣ በጎን በአንድ ዓይን ሳልኩት! ደብተሬን አገላበጠና «ጦጣዎቹ ሁሉ ሁለት ዓይን አላቸው፤ የኔ ሁለተኛው የታለ?» ብሎ አስጠየቀኝ። አስተርጓሚው የደብር ልጅ ነው፤ ነገሩ ገብቶታል። ግን በጣሊያንኛ ምን እንዳለው እንጃ፣ ሹሙ ስቆ ሥዕሉን ይዞ ሄደ።

አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ «ቅዳሜ ብቻዬን እመጣለሁ፤ እኔንስ በስንት ዓይን ትስለኛለህ?» አለኝ።

ያዳነኝም እሱ ነው፤ ጣሊያኖቹን የሚያገለግለውም እሱ ነው።

ካርዱ ሞላብኝ። እናቴን ደህና ነው በልልኝ፣ ባለቤትህን ሮማነወርቅንና ልጆቹን ሳምልኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ወረቀቱ ባዶውን ፊቴ ተቀምጧል።