ቶርኖ በጥቁር ሰሌዳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ እናት፣ ለናፈቅሽኝ ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ወሬውን ወደ ዝናቡና ወደሚያፈሰው ጣሪያ እመልሰዋለሁ። ስለዚህ እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው። ልጃችን ፌንጣ በሕይወት አለች፤ ትበላለች፣ ትተኛለች። ቀኝ እጇ ግን ተጎድቷል።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። አምና መጨረሻ ላይ ከዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ወደ ልጃችን ትምህርት ቤት መጡ። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ለሥራ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ማወቅ ፈልገው ነው። መሪያቸው ዶክተር ናት፣ ገና ወጣት። "ጥናቱን ከእናንተ ጋር እንጂ በእናንተ ላይ አንሠራም" ብላ ከወላጆች መካከል ጠያቂ ስታስመርጥ እኔ ተመረጥኩ። ሳቂ እንግዲህ፤ ግንበኛው ባልሽ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ሰው ሲመረምር ከረመ። ፌንጣማ "አባዬ፣ ትራፊክ መሰልክ እኮ" እያለች መሳቂያ አደረገችኝ።

ፌንጣ ያለችበትን የብረታ ብረት ክፍል ተማሪዎች፣ ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ ምን ሠርታችኋል ብለን ጠየቅናቸው። የሁሉም መልስ አንድ ነው። መምህሩ ማሽኑን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስላል፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። እውነተኞቹ ማሽኖች ወርክሾፑ ውስጥ ላስቲክ እንደለበሱ ተቆልፎባቸዋል። ዳይሬክተሩን ሳነጋግረው አልካደም። "ቢሰበር በንብረት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞ ለልምምድ ሲወጡ እስኪበቃቸው ይነኩታል" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ለዶክተሯ ስነግራት "የሪፖርታችን ዋና ነጥብ ይሄ ይሆናል" አለች። ደስ አለኝ። ሪፖርት ከተጻፈ ነገር የሚቃና መስሎኝ ነበር።

ሪፖርቱ ሳያልቅ ልጆቹ ለልምምድ ወጡ። ፌንጣ ከተማው ዳር ያለ ብረታ ብረት ቤት ደረሳት። በመጀመሪያው ቀን ከደስታዋ ብዛት ቁርሷን በቁሟ ነው የበላችው። ከሰዓት በኋላ ሲደውሉልኝ ግድግዳ ላይ ነበርኩ፤ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። የሹራቧ እጅጌ በሚሽከረከረው ብረት ተይዞ እጇን ጎትቶ አስገብቶታል። እጅጌሽን ሰብስቢ፣ ማጥፊያው እዚህ ነው ያላት ሰው አልነበረም። ሐኪሞቹ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አተረፉ። የቀሩትን አልቻሉም።

ገና ከማደንዘዣው ስትነቃ "ለእማዬ አትንገራት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብላ አስማለችኝ። የዘገየሁት ለዚህ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አጥኚዎቹ የደረሱበትን ለወላጆችና ለትምህርት ቢሮ ሰዎች የሚያቀርቡበት ስብሰባ ተጠራ። ቤት ቅሪ ብላት እምቢ አለች። እጇን በሻርፕ ሸፍና ከጎኔ ተቀመጠች። ዶክተሯ ስለ ተቆለፈው ወርክሾፕ ስትናገር ከቢሮ የመጣው ሰውዬ አቋረጣት። "የደረሰው አደጋ ያሳዝናል። ግን የተማሪዋ የጥንቃቄ ጉድለት ስለሆነ ከጥናቱ ጋር ባይያያዝ" አለ። ደሜ ፈላ። ልነሳ ስል ልጅሽ ቀደመችኝ።

"ቶርኖ መሳል እችላለሁ" አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። "እያንዳንዱን ክፍል በስሙ እጠራላችኋለሁ። ፈተናውን ደፍኜዋለሁ። በእጄ የነካሁት ግን ያን ቀን ነው።"

ዳይሬክተሩ አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደሚቀጥለው ነጥብ እንለፍ አለ፤ አለፍን።

አሁን ወርክሾፑ ተከፍቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄው ነው። ላስቲኩ ተገፍፏል፣ የሚያሠራ ባለሙያ ተቀጥሯል፣ የታች ክፍል ልጆች ቱታ ለብሰው ይማራሉ። መልካም ነገር መሆኑ አይጠፋኝም። በዚያ በኩል ሳልፍ የማሽኑ ድምፅ ሲሰማኝ ግን መንገድ እቀይራለሁ። ዶክተሯም አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ቆማ "እስኪጻፍ መጠበቅ አልነበረብንም" ብላ አለቀሰች። ግቢ አልኳት።

ፌንጣ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። በግራ እጅሽ መጻፍ ልመጂ ስላት "እሺ አባዬ" ትላለች፤ እስክሪብቶውን ግን አታነሳውም። ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ትገባለች።

ነይ ብዬ አልጽፍልሽም። የዚያ ሀገር ሥራሽ እንዴት እንደተገኘ አውቃለሁ፣ እሷም ነይ አትልሽም። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። እጄን ሲሚንቶ በልቶት ሻክሯል፤ ፀጉሯ እየተያዘበት ያማታል፣ አትናገርም። ትናንት የጎነጎንኩት እየተፈታ ደጋግሜ ጀመርኩት። "ይበቃል፣ እንዲሁ እሰረው" አለችኝ። ጎንጉኜ እንደማልጨርሰው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ማን ይችልበት እንደነበር ግን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ።

ፈጣሪ ያለሽበትን ቤት ሰላም ያድርግልሽ። ሰው ሀገር ደክሞሽ ከመተኛት በቀር ሌላ ሕመም አያሳይሽ። ስትሠሪ እጅጌሽን ሰብስቢ።

ባልሽ፣ የፌንጣ አባት