«ፌርሊ» ብለሽ የጻፍሽው

ይድረስ ላሳደገችኝ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ አለሽ? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ከአንቺ አልተማርኩም። ክው ብዬ ቀርቻለሁ።

ትናንት የትርጉም ቢሮው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። እዚያ ቤት የምስክርነት ደብዳቤ በድብቅ አይነበብም፤ ፖስታው አመልካቹ ፊት ተቀዶ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዋናው ተርጓሚ ያንቺን ሲያነሳ ደረቴን ነፋሁ። እንግሊዝኛ የምታስተምሪያቸውን ልጆች ደብተር ከጎንሽ ተቀምጬ ያረምኩ ሰው ነኝና! እሱ ግን «ፌርሊ ጠንቃቃ ናት» ብሎ አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

ጸሐፊዋ ሳቋን እየዋጠች «ውይ፣ ይቺማ ‹ከምንም ይሻላል› ማለት ናት» አለች። እሱም «ያሳደገሽ ሰው እንዲህ ካለ እኛ ምን እንበል?» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

ሳታውቂ ጻፍሽው እንዳልል፣ ቃሉን በብርጭቆ ውሃ ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ። ጢም ያለው «ቬሪ»፣ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለው «ፌርሊ»። «ፌርሊ ሰው አይሰድብም፤ ሥራ ግን አያስቀጥርም» ስትዪ ክፍሉ ሁሉ ይስቅ ነበር። ጠላት ቢጽፈው ባልደነገጥኩ!

አልወጣሁም። «እንግዲያው ፈትኑኝ» አልኳቸው። ሁለት ገጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወረወሩልኝ። ተርጉሜ ስመልስ ዋናው ተርጓሚ አንዲት ነጠላ ሰረዝ አስተካክሎ «አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ግቢ» አለኝ። እገባለሁ። ማንም አያስቀረኝም።

ደብዳቤሽን ለምኜ ወሰድኩት፤ ማረፊያዬ ገብቼ ልቀደው ነበር። ፊርማሽ መስመሩን ስቶ ጽሑፉ ላይ ወጥቷል። ቀኑንም ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በሌላው ላይ ጽፈሽዋል። ዓመቱን ሙሉ «ደክሞኛል፣ ደብተሩን አንቺ አንብቢልኝ» ስትዪኝ የነበርሽው ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ። አክስቴ፣ አፍ አውጥተሽ «አትሂጂብኝ» ብትዪኝ ምን ነበረበት?

ተቀይሜሻለሁ፤ አልደብቅሽም። ቅዳሜ መጥቼ ይዤሽ እመለሳለሁ፤ ጥሩ የዓይን ሐኪም እዚህ አለ። እምቢ ብትዪ ተሸክሜሽ።

እስክንገናኝ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፤ እጅሽን ይዤ የምሄድበት ዕድሜ ይስጠኝ። ፊደሉን እንዲህ ያገዘፍኩት ከቁጣ እንዳይመስልሽ፤ ለጎረቤት ሳትሰጪ ራስሽ እንድታነቢው ነው።

ያሳደግሻት የወንድምሽ ልጅ