«እህት የለኝም» ያልኩበት ቅጽ

ከእናት ቀጥላ ላሳደገችኝ፣ ለማከብራትና ለምወዳት እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽስ? ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው? ዘንድሮም ሰባ ልጅ አንድ ክፍል አጉረውብሻል ወይስ ቀነሱልሽ? እናታችን እንዴት ናት፣ ዓይኗስ ተሻላት? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ። ናፍቆትሽም እንዳለ ነው። «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል ግን ዛሬ አልጽፍልሽም፤ በስልክ ስለው ስለው አልቆብኛል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ጠመኔ ከእጅሽ እየወደቀ ተማሪዎችሽ እንደሚስቁ፣ አንድ እግር ጫማሽ ወልቆ ሁለት እርምጃ ከሄድሽ በኋላ እንዳወቅሽ፣ ውስጥ እግርሽ ደግሞ እንደሚያቃጥልሽ ጽፈሻል። «ብርድ ነው፤ ወፍራም ካልሲ ገዝቻለሁ» ብለሽ ቀልደሻል። እኔ አልሳቅኩም። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ያን ቀን አራት ሱሪ አሳጠርኩ። እታለም፣ ብርድ አይደለም። ምን እንደሆነ ካወቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እስከ መጨረሻው ሳትደርሺም አትነሺ።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ነው። አንድ ቀን የኮት ገበር ስገጥም ልብስ የሚተኩሰው ባልደረባዬ ጮኸ። እኛ «ተኳሹ» ነው የምንለው፤ ከካውያ ሌላ መሣሪያ ይዞ ባያውቅም። «አንተ ሰውዬ፣ ጣትህን ከኮቱ ጋር ሰፍተኸዋል እኮ!» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ መርፌው በጣቴ ገብቶ በወዲያ በኩል ወጥቷል፤ ነጩ ገበር ቀልቷል። ምንም አላመመኝም። ያሰብኩት ስለ ኮቱ ባለቤት ነበር፤ ምን ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ። ሐኪም ቤት እየጎተተ የወሰደኝ ተኳሹ ነው።

አንዱ ሐኪም ስኳር ነው አለኝ፤ ደሜ ሲታይ ስኳር የለብኝም። ሌላው የቫይታሚን እጥረት ነው አለ፤ ሦስት ወር ሙሉ ዋጥኩ። ሦስተኛው አከርካሪህ ነው ብሎ አስተኝቶ አሻኝ። በመጨረሻ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ላኩኝ። ይቺ ዶክተር እጄን ከማየቷ በፊት «አባትዎ በምን ሞቱ?» አለችኝ። በሪህ አልኳት። «ሪህ እንዲህ በቀላሉ ሰው አይገድልም። ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩኝ» አለች። ነገርኳት። እግሩ እንደደነዘዘ፣ ሸሚዙን ሰው ይቆልፍለት እንደነበር (ያ ሰው አንቺ መሆንሽን አልነገርኳትም)፣ ሆዱ ምግብ አልይዝ ብሎ ከስቶ ከስቶ መጨረሻ ላይ ልቡ እንደደከመ። እሷ እየሰማች ትጽፋለች። ከዚያ ደሜን ቀድታ ላከች፤ ከወር በኋላ የበሽታውን ስም ነገረችኝ። ስሙ ረጅም ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ታገኚዋለሽ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ጉበታችን የሚሠራው አንድ ነገር ተበላሽቶ ይሠራና ነርቭ ላይ፣ ልብ ላይ እንደ ዝቃጭ ይቀመጣል። ከዘር የሚወርድ ነው። «ብርቅ በሽታ ነው» አሉኝ። ብርቅ ሲሉኝ መጀመሪያ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯ አዲስ መድኃኒት እየተጠና ነው፣ ከፈለጉ ይግቡ ስትለኝ ገባሁ። የጥናት ክፍሉ ፎቁ ላይ ነው። በቀኝ ኮሪደር ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ይቀመጣሉ፤ ወንበር ሞልቶ ቆመው የሚጠብቁም አሉ፤ ይጫወታሉ፣ ይጣላሉ፣ ተራ ይቀማማሉ። በግራ እኛ ነን፤ ሰባት ሰው። አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «እነሱ ሕዝብ ናቸው፣ እኛ ቤተሰብ ነን» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ ከእኛ ኮሪደር ወንድሙን ወይም እህቱን ይዞ ያልመጣ ጥቂት ሰው ነው። ሹፌሩም ታናሽ ወንድሙን ይዞ ነው የመጣው።

ጥናቱ እንዲህ ነው። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን በደም ሥሩ ይወስዳል፤ ግማሹ የጨው ውሃ ብቻ ይወስዳል። ለማን ምን እንደደረሰ እኔም አላውቅም፣ ዶክተሯም አታውቅም፣ የምትወጋኝ ሲስተርም አታውቅም። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። አለዚያ ሰው በተስፋ ብቻ ዳንኩ ይላል፣ ሐኪምም በምኞት ብቻ ዳነ ይላል ብላ አስረድታኛለች። ገብቶኛል፤ ፈርሜያለሁ፤ ማንም አላታለለኝም። በየሦስት ሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ሁለት ሰዓት በደም ሥሬ ይንጠባጠብልኛል። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የሚነዝር ብረት ያስቀምጡና «ይሰማዎታል?» ይሉኛል። በጥጥ ይነኩኛል፣ በመርፌ ይነኩኛል። ኮሪደሩ ላይ ከተለጠፈው ቀይ ፕላስተር እስከ ሌላኛው ቀይ ፕላስተር ለስድስት ደቂቃ ያመላልሱኛል። ሲስተሯ ሰዓት ይዛ ከኋላዬ ትከተለኛለች፤ ብወድቅ ልትይዘኝ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። በመጀመሪያው ቀን ከሞላኋቸው ቅጾች አንዱ «የሥጋ ወንድም ወይም እህት አለዎት?» ይላል። ሲስተሯ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቀኛለች። የለኝም አልኳት። አፌን ሞልቼ፣ እህት የለኝም አልኩ። በስድስት ወር ቅጹ ሲታደስ ደግማ ጠየቀችኝ፤ የለኝም አልኩ። በዓመቱም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ካድኩሽ፣ እታለም። መርዶው ብቻውን አይሂድ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ልይና ሁለቱን አንድ ላይ ልንገራት ብዬ ነበር። ለራሴ የምነግረው ይህን ነው። እውነቱ ግን ሌላም አለው። እህት ካለችኝ በሽታው የቤታችን ነው፤ ከሌለችኝ የእኔ የብቻዬ ነው፣ ከእኔ ጋር ያልቃል። እንደዚያ እንዲሆን ፈለግሁ።

ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። ሹፌሩ ሲመጣ በከዘራ ነበር፤ እየቆየ ከዘራውን በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ጀመረ። እኔ የሸሚዜን ቁልፍ በመስተዋት እያየሁ መቆለፍ ጀመርኩ፤ በኋላ ዚፕ ያለው ልብስ ብቻ ለበስኩ። ልብስ ሰፊ ሆኜ የራሴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ ስለው ተኳሹ ሳቀ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ስለዚህ ውጤቱ ሳይነገረኝ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ግን ሰው ያልፈለገውን አያውቅም።

ጥናቱ ያለቀ ቀን ዶክተሯ አስጠራችኝ። ሲስተሯም እጇን አጣምራ በሩ ጋ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተዘርግቷል። «ለእርስዎ የደረሰው ውሃው ነበር። በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። ከልቧ ነው፤ ዓይኗ ያስታውቃል። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? «ታዲያ ዛሬ ምርመራ የለም ማለት ነው? ሥራ ልግባ?» አልኳት። ገባሁም። ከሰዓት በኋላ የስድስት ሸሚዝ ኮሌታ በመኪና ሰፋሁ። አልተናደድኩም፣ አላለቀስኩም። አለቃዬ «ጉዳይህ እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «ተጨረሰ» አልኩት። ማልቀስ ያለብኝ መሰለኝና ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ልብሴን አጥፌ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ሲያወራኝ ይሰማኛል፣ ጉዳዩ ግን የእኔ አይመስለኝም።

ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በሳምንቱ ነው። ጠመኔውን፣ ጫማውን፣ ካልሲውን አነበብኩ። አነበብኩና ሱሪ አሳጠርኩ፤ ነግሬሻለሁ። አራት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

በአምስተኛው ቀን ሹፌሩ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና «ይቅር በለኝ» አለኝ። ምን አድርገህ አልኩት። «መድኃኒቱ ለእኔ ስለደረሰ» አለ። ዕጣ ነው፣ አንተ ምን አደረግክ ብዬ ወንበር ሳብኩለት። ተኳሹ ውሃ አመጣለት። ስለ ወንድሙ ነገረኝ፤ ለእሱም መድኃኒቱ ደርሶታል፣ ገና ጣቱ መደንዘዝ ሲጀምር ስለያዙት ዛሬ እንደ ጤነኛ ሰው ደረጃ ይወጣል። «እኔን ግን ከዘራዬን ቢያስጥለኝም የደነዘዘውን እግሬን አልመለሰልኝም። ለመሆኑ አንተ ዘመድ የለህም?» አለኝ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ «እህት አለችኝ፤ ጠመኔ ከእጇ ይወድቃል» አልኩት። ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ለስፌት ቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቁልፍ ትተክላለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። ኮቴን ያለበሰኝ እሱ ነው።

ዶክተሯ ዘንድ ቀርቤ ሦስቱንም ጊዜ ዋሽቻለሁ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጣችም። «ዕድሜዋ ስንት ነው? ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ? ሆዷስ?» ብቻ አለችኝ። ቅጹን አወጣች፤ አንዱን መስመር ሰርዤ ፈረምኩ። ከዚያ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ እሱንም አልደብቅሽም። ጥናቱ እዚህ ብቻ አልነበረም፤ አንቺ ካለሽበት በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው ትልቁ ሆስፒታልም ነበር። ያኔ እህት አለችኝ ብል ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይመረምሩሽ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ የበላሁብሽ እኔ ነኝ። ያኔ ጠመኔው መውደቅ አልጀመረም ነበር።

አሁን የሚሆነው ይህ ነው። ከሁለት ወንድምና እህት አንዱ ቢይዘው ሌላው የመያዙ ነገር እኩል በእኩል ነው፤ ስለዚህ ላይኖርብሽም ይችላል። በደም ይታወቃል። ቢኖርብሽ ገና ላልገፋባቸው ሰዎች አዲስ ጥናት እዚያው ሆስፒታል ተከፍቷል። በዚህኛው ውሃ የለም፤ ሁሉም መድኃኒቱን ይወስዳል፣ የሚያጠኑት ቀድሞ መጀመር ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። መመዝገቢያው በሁለት ወር ይዘጋል። መድኃኒቱ ለሁሉም አልሠራም፣ ለብዙው ግን ሠርቷል። የሄደውን ሁሉ አይመልስም፣ ያለውን ነው የሚያቆየው። እኔም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እውነተኛውን እየወሰድኩ ነው። ዶክተሯ የጻፈችው ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ፤ ይዘሽ ሂጂ፤ ስልኳም ከታች አለ።

ተቆጪኝ፤ መብትሽ ነው። ስድብም ካለሽ አትቆጥቢ። ግን መጀመሪያ ደምሽን ስጪ፣ ከዚያ ተቆጪኝ። ቁጣሽ ቀድሞ መንገድሽን እንዳይዘጋው እፈራለሁ፤ ከተኮራረፍን አንድ ዓመት እንደማይበቃን ታውቂያለሽ።

ለእናታችን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይህን ትንገሪያት አትንገሪያት እኔ አልወስንም፤ አባባን ያስታመመች እሷ ናት፣ ምናልባት ከእኛ ቀድማ ገምታ ይሆናል። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ብቻሽን እንዳይልክሽ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠይቅ። ለትልቋ ልጅሽ፣ የላከችልኝን ፎቶ መስተዋቴ ላይ ሰክቼዋለሁ በያት። ትንሿንም ሳሚልኝ፤ እሷ አሁንም ጫማ ግራና ቀኝ እያቀያየረች ነው የምትጫማው? ልጆቹ አድገው ራሳቸው እስኪጠይቁ ድረስ አይመረመሩም ብላኛለች ዶክተሯ፤ ስለ እነሱ ዛሬ አታስቢ። ለጎረቤታችሁ ለአናጢውና ለሚስቱም ሰላም በይልኝ።

መልሱን በስልክ አትንገሪኝ። ጻፊልኝ። ልጆቹም እንዳይጽፉልሽ፤ ራስሽ፣ በራስሽ እጅ ጻፊው፤ ሁለት መስመር ቢሆንም ይበቃኛል። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የ«ጠ»ን ሦስት እግር እንዴት አስተካክለሽ እንደምታቆሚ አውቃለሁ። ጽሕፈትሽን አይቼ እጅሽ የት እንደደረሰ ልወቅ።

ወንድምሽ

ከልብስ ስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 9 ቀን