ቅርንፉድ የነካው ጣት

ኅዳር 3
ጠዋት የእማዬን ጣቶች በቅርንፉድ ዘይት አሸሁላት። ሽታውን ስለምትወደው እንጂ ይጠቅማታል ብዬ አይደለም። ለቁርጥማቷ የምትውጠው ክኒን ጨጓራዋን ካደማው ወዲህ ሐኪሙ የሚያዝላት የሚቀባ ጄል ብቻ ነው። እሱም ላይ ላዩን ይደርቃል። "ይሄ መድኃኒት በር ላይ ቆሞ የሚመለስ እንግዳ ነው" አለችኝ። ስንት ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት... የቀሚሷን ቁልፍ እኔ እቆልፍላታለሁ።

ላቦራቶሪም የምታገለው ከዚሁ በር፣ ከቆዳ ጋር ነው። በአምስት ትንንሽ ብርጭቆዎች አፍ ላይ የፍየል ቆዳ እወጥራለሁ። ከላይ ጄል፣ ከታች ውሃ። ስንት መድኃኒት ወደ ውሃው እንዳለፈ እለካለሁ። አራቱ ጄል ውስጥ የተለያየ የዕፅዋት ዘይት አለ። አምስተኛው ከዘይት ባዶ ነው፣ ለማነጻጸሪያ።

ኅዳር 4
ባዶው ከሁሉም በለጠ። አራት እጥፍ አሳለፈ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን?

ኅዳር 5
አለቃችንን "ሚዛን" ነው የምንላቸው፤ ቃላቸውንም መዝነው ነው የሚያወጡት። ውጤቱን አይተው "ድገሚው" አሉ። በቃ።
ደገምኩት። በባዶው ምንም ያህል አላለፈም። ታዲያ ያኔ ምን ነበር?

ኅዳር 6
ዛሬም እማዬን አሽቼ ወጥቼ፣ አውቶቡስ ውስጥ እጄን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ... ቅርንፉድ።

የዛሬ ሦስት ቀን ጓንት አልቆ ነበር። የመጨረሻውን፣ የባዶውን ብርጭቆ ቆዳ በእጄ ያለ ጓንት ዳብሼ ዳብሼ ነው የወጠርኩት። ታጥቤ ነበር እኮ። ለካ ዘይት እንደ ሐሜት ነው፣ በአንድ ውሃ አይለቅም።

የጀማሪ ጥፋት። እኔ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ዝም ልበል? ማን ያውቅብኛል? ግን ዝም ካልኩ በሩን ምን እንደከፈተው አይታወቅም።

ኅዳር 7
ለሚዛን ነገርኳቸው።
"በባዶ እጅ?"
"አዎ።"
"ጻፊው።"
መዝገቡ ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ፊቴ እሳት ሆነ። ከዚያ የቅርንፉድ ዘይት በጠብታ መዝነው ሰጡኝ። "አሁን አውቀሽ አጥፊ።"

ኅዳር 8
አለፈ። በአምስቱም አለፈ።

ቆዳውን በማጉያ አየሁት። አልተቀደደም፣ አልቆሰለም። በሴሎቹ መካከል ያለውን ስብ ዘይቱ ትንሽ ያላላዋል፣ መድኃኒቱ በዚያ ይገባል። ይህን በመጽሐፍ ስንቴ አንብቤዋለሁ... ማየት ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልኬን ለብሼው የምዞረው ቆዳ ይህ ሁሉ ጥበብ አለው? ሚዛንም ከማጉያው ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ።

መስከረም 19
ዓመት ሊሞላው ነው። በሰው ላይ እንዲሞከር ፈቃዱ መጣ። የእማዬ ሐኪም እሷንም አስመዘገባት። ግማሹ ሰው ዘይት ያለው የጄል ቱቦ ይደርሰዋል፣ ግማሹ የሌለው። እንዳይለይ ሽታቸው አንድ ተደርጓል፤ የማን የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።
"የኔው ባዶው ነው፣ ዕድሌን አውቃለሁ" ትላለች።

ታኅሣሥ 11
የቱቦዎቹ ምስጢር ትናንት ተፈታ። የእማዬ ባለዘይቱ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ካፖርቴን ደርቤ ልወጣ ስል "ነይ ወዲህ" አለችኝ። ኮሌታዬን ይዛ ጎተተችኝና የካፖርቴን ቁልፎች ትቆልፍልኝ ጀመር። አንድ... ሁለት... አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ላግዛት ስል እጄን መታችው። አምስተኛውንም ቆለፈች።
"በይ ሂጂ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።"

አመለጠኝ። ላቦራቶሪው ይሞቃል። እኔ ግን እስከ ቀትር ካፖርቴን አላወለቅኩም።