ፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ነው ላልከኝ

ውድ እጮኛዬ፣

“ውድ” ያልኩህ ደብዳቤ በስድብ አይጀመርም ብዬ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለውን ብጽፍማ ወረቀቱ ራሱ ይሸት ነበር።

ትናንት ከሕፃናት ክሊኒኩ ተጠርቼ ሄድኩ። አምና የሸጥክላቸው፣ የታካሚዎቹን መረጃ የሚይዘው ሰርቨር እየደጋገመ ይዘጋል አሉኝ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንዲት ነርስ ስሞታዋን ጀመረች። ስምንት ኪሎ ብላ ያስገባችውን ሕፃን ማሽኑ ሃያ አራት ኪሎ ብሎ አወጣው፤ መድኃኒቱም በዚያው ተሰላ። “ደግነቱ ልጁን አቅፌው ነበር” አለችኝ። “ይሄ ሃያ አራት ኪሎ ከሆነማ እኔ ዝሆን ነኝ ብዬ መርፌውን አስቀመጥኩት።” እሷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ከውጭ ላየው ሰርቨር ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የቤት ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው። ማራገቢያውን ነቅዬ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ስጠርግ ጥጉ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ። የጥፍር ቀለሜ ነው። ለልደትህ የገዛሁልህ፣ ጌም ስትጫወት እንዳይንቀራፈፍብህ ብዬ፣ ሱቅ ውስጥ ከሌላ ጋር እንዳይቀያየርብኝ ምልክት ያደረግኩበት። ተቃጠለ ብለኸኝ ነበር እኮ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩልህ። “አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ” አልከኝ። “ፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ነው፤ ያው ነው። እንዲያውም የቤቱ ይፈጥናል።”

አዎ፣ ይፈጥናል። ለአንድ ሰው፣ ማታ ተዘግቶ ለሚያድር ማሽን ይፈጥናል። የሰርቨሩ እንደሱ አይሮጥም፤ የብዙ ሰው ሥራ ባንዴ ተሸክሞ ቀን ከሌት ይውላል ያድራል፤ ሜሞሪው ላይ አንዲት ነገር ስትዛነፍም ይዞ ያርማታል። ያንተው ግን የተዛነፈውን እንደ ትክክል ተቀብሎ ያሳልፋል። ስምንቱን ሃያ አራት ያደረገው እሱ ነው ብዬ አልምልም። ስህተቱን የሚይዝ ነገር እዚያ ሳጥን ውስጥ እንዳልነበረ ግን እምላለሁ። ይህንን ከእኔ እኩል ታውቃለህ፤ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ባለማወቅ ቢሆን አዝንልህ ነበር።

የሚያንገሸግሸኝ ደግሞ ስለ ሕፃኑ ስነግርህ ያልከኝ ነው። “ታዲያ ሞተ እንዴ?” ምሳህን እያላመጥክ። ዐይኑን በጨው የታጠበ ሰው ሲባል እሰማ ነበር፤ ላገባው ቀን እየቆረጥኩ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ስልኩን ዘግቼ እጄን በሳሙና ደጋግሜ ታጠብኩ። ምን እንደምታጠብ እኔም አላውቅም።

ማሽኑን አጥፍቼዋለሁ፤ እስኪተካ በእጅ እየጻፉ ይሠራሉ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሻጩ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስምህን እስከ አያትህ ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ “ዝምድና አላችሁ?” አለችኝ።

“የለንም” አልኳት። ቀለበቱን ያወለቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገ ይደውሉልሃል። አንሳው።

የክሊኒኩ ቴክኒሻን